መጨረሻው ስንት ነው?

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንፋሎት ጠብቄ፣
ከጨርቃ ጨርቁ ቤት ስወጣ ለቅቄ፣
እጄ ሥራ ፈታ። ጆሮዬ ግን ቀረ፤
ሌሊት ሌሊት ቦይለር ሲያፏጭበት አደረ።

እናም ጓሮዬ ላይ ሐዲድ ዘረጋሁኝ፤
አንድም ባቡር ሳይኖር ባቡር ጣቢያ ሆንሁኝ።
ፓፓያዋን ዞሮ፣ በሮቶው ሥር አልፎ፣
ከዶሮ ቤት ኋላ የሚመጣ ታጥፎ፤
ስፋቱ አራት ጣት፣ ከቁርጥራጭ ላሜራ፣
ድልድይም አለበት በፌሮ የተሠራ።

ሚስቴ ዘሀራ አየችው፤ ሳቋንም ለቀቀች፤
«ለኮምቦልቻ ደግሞ ሐዲድ ጠፋባት ወይ?» አለች።
(እውነቷን ነው፤ ማዶ ትልቁ ተጋድሟል፤
ፍየል በላዩ ላይ ቆሞ ያመነዥካል።)

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ፤
«የእንፋሎት ባቡር አለ?» እያልሁ ጠየቅሁ።
ልጁ ቀዩን ፕላስቲክ አቀበለኝ መርጦ፤
«ቱ! ቱ!» ይላል፣ ይጮኻል፣ የባትሪ ድንጋይ ውጦ።
«ልጄ፣ ይሄ እሳትም ውሃም የለው ሆዱ፤
ስንቅ ሳይዝ ነው እንዴ የሚገፋ መንገዱ?»
ሌላው ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝና፣
ናስ የለበሰች ጥቁር፣ ወይ ቁንጅና!
«በጅቡቲ ትመጣለች፤ ዋጋዋ ግን...» አለኝ፤
የሁለት ዓመት ጡረታዬን በጣቱ ቆጠረልኝ።

እንግዲህ ባቲ ነው። ሰኞን ጠብቄ
በሚኒባስ ወረድሁ፣ ከግመል ጎን ዘልቄ፤
ከአሞሌ ጨው ወዲህ፣ ከራዲዮ ሬሳ፣
ከተጣመመ ድስት፣ ከዛገ ጣሳ፣
አየኋት።
አንድ ጎማ የላት፤ ጢስ ማውጫዋ ጎብጧል፤
ሆዷ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወጥቷል።
ግን ናስ ናት። ክብደቷን በመዳፌ አወቅሁት፤
ፒስተኗን ስገፋው ትንፋሿን ሰማሁት።

«ስንት ትላለህ?» «ስምንት ሺ።» «ለዚች ማንቆርቆሪያ?»
«ባቡር ናት፣ አባቴ!» «እግር የላት መቆሚያ!»
«መጨረሻው ስንት ነው?» «አምስት።» «ሁለት ተኩል።»
ሄድሁ። ጠራኝ። ዞርሁ። ቀኑም ሆነ እኩል።
ኪሴ ውስጥ ሦስት ሺ፤ ከዚያ በላይ የለም፤
ግራ እጄ ላይ ሰዓት፣ ፋብሪካው ሲሸልም
«ለታማኝ አገልግሎት» ብሎ ያሰረልኝ።
ፈታሁት። ሰውዬው ጆሮው ላይ ደግኖ «ይሄዳል» አለኝ።

ዘሀራ ሦስት ቀን ሳትናገር ምሳ አቀረበች፤
«በዚያ ብር ፍየል ነበር» ስትል ለድመቷ ነገረች።

ውሃ ሞልቼ በፓምፕ ገፍቼ ፈተንኋት፤
ከስፌቷ አንጠባጠበች፤ ቀዳዳውን አየሁባት።
ቆርቆሮ ብየዳ አይችለውም፣ እሳት ይፈታዋል፤
ብር ይፈልጋል። ብር ደግሞ ብር ይፈልጋል።

በአራተኛው ማታ ከሣጥኗ አንዳች ጠቅልላ፣
«ተሰብሯል፣ አይሆነኝም ከዚህ በኋላ» ብላ፣
የሠርጓን አምባር ጣለች ከመፍቻዬ አጠገብ።
ቀና ስል የለችም፤ በሩ ብቻ ገርበብ።

ጎማውን የቀረጸው ሽፋው ነው፣ ባለ ቶርኖው፣
ከውሃ ቧንቧ እጀታ፤ ዋጋውም «ስትሄድ ጥራኝ» ነው።
ለእሳቷ አልኮል ገዛሁ፤ ፋርማሲው «ቁስሉ የት ነው?» ሲለኝ
«ጓሮ» አልሁት። ፋሻም ጨመረልኝ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሞላኋት፤ ለኮስሁ።
ልጆች አጥር ላይ ናቸው፤ ሽፋው ቆሟል፤ ጠበቅሁ።
ምንም።
ምንም።
ከዚያ ማስነጠስ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፤
ፓፓያዋን ዞረች እያለች ሽ... ሽ...
ድልድዩ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዋ ሸሸች፣
ሮቶው ሥር ስትደርስ ደክሟት ቆመች።

«መጨረሻው እዚህ ነው?» አለ አንዱ ካጥሩ።
ዘሀራ መጣች፤ የኩሽናው ክፍት ነው በሩ፤
ጎንበስ ብላ በሻሿ ጫፍ ገፋ አደረገቻት፤
ሄደች። ዶሮ ቤቱን አልፋ ከእግሬ ሥር አገኘኋት።

ስንት ደቂቃ ፈጀች? ልል ግራ እጄን አየሁት፤
ፀሐይ ያልነካው ቆዳ፣ ነጭ ቀለበት አገኘሁበት።