ከጀርባው የተጫረ ስም

ከፖስታ ቤቱ ጥግ፣ ደረጃው ሲያበቃ፣
አንድ ወንበር አለኝ፣ አንድ አምፖል፣ ጥቂት ዕቃ።
እዚያ ነው ያመጡት፣ የክረምት ጭቃ ረግጠው፣
እንደ ታመመ ልጅ በጋቢ ጠቅልለው።

«ያያቴ ነው» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩዓለም፣
«ከቆመ ሠላሳ ዓመት፤ የሚያውቅለት የለም።
ሲሠራም፣ እውነቱን፣ ውሸታም ነበረ፤
ጧት አንድ ሰዓት ስንል ሰባት ሲመታ ኖረ።»

ሳቅሁ። ውሸት አይደለም፤ ያገሩን ነው ያለው፤
እሱ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤
እኛ ግን ከፀሐይ።

ጥቁር የእንጨት ካባ፣ ካናቱ ላይ እጀታ
ጌቶቹ አንጠልጥለው ወደ አልጋ ሊያወጡት ማታ፤
ፊቱ ላይ በቀጭን የተቀረጸ ስም፤
«ቶማስ ዌልቢ፣ ሎንዶን»፤ ልክ እንደ ማኅተም።
በምጽዋ በበቅሎ ይሁን፣ በመተማ በግመል፣
ማን እንዳመጣው እንጃ፤ እጅ መንሻ ይመስላል።

ዌልቢ ሆይ፣ ይቅርታ፣ እኔ ፊት አላምንም።
ዐርባ ዓመት የሰዓት ሆድ ከፍቼ ስዘጋ
ያገኘሁት ጥበብ ከዚህች አይዘልም፦
ፊቱ የጌታው ነው፤
ጀርባው የሠሪው ነው።

ብሎኑን ፈታሁት። የኋላው ናስ ሲታይ
ሐረግ ነው በሙሉ፤ ልክ እንደ ብራና ላይ
ከጠርዝ ጀምሮ ቅጠል የሚጎነጉን
ቁም ጸሐፊ እንደጣለው፣ አበባ አበባውን።
ግድግዳ ለሚያይ ጀርባ ይህ ሁሉ ልፋት!
ማን ይየኝ ብሎ ነው እጁ የደከመለት?

ሰንሰለቱን ሳብሁት፤ ከጉንዳን ሰልፍ ይቀጥናል፤
ቀለበት በቀለበት፣ እንዝርት በሚመስል
ናስ ላይ ይጠመጠማል።
በማጉያ ባየው፣ ብልጭ ሲል በመብራት፣
ያያያዙት ልጆች መጡብኝ በድንገት፤
በጭጋግ ከተማ፣ ከመስኮት ሥር ተኮልኩለው፣
ጡታቸው ሳያጎጥጉጥ፣ ዕድሜያቸው ሳይሞላ፣
የእያንዳንዱ ቀለበት ዓይን የሰው ዓይን ሲበላ።

ከደወሉ በታች፣ እጅ በማይደርስበት፣
በመርፌ ጫፍ ብቻ፣ ጌታው ሳያይበት፣
«ኔድ» ይላል።
ሌላ የለም። ዓመት የለም፣ አባት የለም።
በዌልቢ ስም የቆመው ያ ኔድ ነው፣ ወይም
የኔድ ባልንጀራ፤ ማን ያውቃል?

ከኔድ ዝቅ ብሎ ደግሞ በኛው ፊደል፣
አንዱ ፊደል ቀንቶ ሌላው ጎብጦ ሲዘል፣
«ያየህ ዘወለቃ።»

እጄ ቀጥ አለ።

አንደኛው መዘውር ለካ ቀለሙ ይለያል፤
ከጓደኞቹ መሐል ቀላ ብሎ ይታያል።
ቀለህ ነው፤ የጥይት ቀለህ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተሞርዶ፣
ጥርስ አብቅሎ የገባ፣ ከሎንዶኖች ተዛምዶ።

ያየህ፣ የእናቴ አባት።
ቀን ማረሻ አስመትተው ማታ የሚያሙት፣
«ዓይኑ ይበላል» ሲሉ ልጅ የሚሸሽጉት።
አገር ፊት ሲነሳው፣ ጀርባ መርጦ ጻፈ።
አንተ ሰዓት፣ ሎንዶን ሠርቶ ጎንደር ሲጥልህ፣
ስትሞት ማን አየህ? ቢሉህ፣ መልሱ፦ ያየህ።

ሦስት ቀን አጠብሁት፣ ዘይት ጠብ አረግሁለት፤
እኩለ ቀን ሲሆን ስድስት ላይ ሞላሁት።
ስድስት ጊዜ መታ። ዌልቢ ቢሰማ ይቆጣል፤
ኔድ ግን፣ እንደሚመስለኝ፣ አጎንብሶ ይስቃል።

መርፌዬን አነሳሁ። ከያየህ ሥር ቦታ አለ።
(ከዚያ ወዲያ ያለውን አልናገርም።)

ወይዘሮ ጥሩዓለም መጥተው ደስ አላቸው፤
ስድስትን ስድስት ሲል እልልታ አመለጣቸው።
«ከግድግዳው» አልኋቸው፣ «ትንሽ ራቅ አድርገው
ያስቀምጡት፣ እሜቴ።»
«ለምን?» ቢሉኝ፣
«ርጥበት እንዳይገባው።»

ሰዓቱስ ያገሩን ነበር የተናገረው፤
ውሸታሙ እኔ ነኝ።