መድኃኒቱ የት ያድራል?

ጥቁር አንበሳ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤
መጋቢት ነበረ፣ መስኮቱ ሲሞቅ።
ጋሽ ሙዘይን ገባ፣ ጫማ የሚሰፋው፣
ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ፣ ልቡናው የጠፋው።

ካርዱን ገለጥኩት፤ አምናም በመጋቢት፣
ካቻምናም በመጋቢት፣
ያው ድካም፣ ያው ጥማት፣ ያው የማያባራ ሽንት።
«ቸልተኛ ታካሚ» ብዬ ጻፍኩበት።
ከኔ በፊት የነበረውም ይህንኑ ነው የጻፈው፤
የእጅ ጽሑፌ ብቻ ነው ከሱ የከፋው።

ዶክተር ዘርትሁን ነበረች፣ የማኅበረሰብ ጥናት መምህራችን፤
«የማትወጋዋ ዶክተር» ይላት ነበር ክፍላችን።
ሰዓቷ ምሳ ሊደርስ ሲል ነው፣ ከአናቶሚ ኋላ፤
ግማሹ ክፍል ይተኛል፣ ግማሹ ያስባል ስለሚበላ።

ካርዱን አይታ ዝም አለች። ልትወጣ ስትል፣ በሩን ይዛ፣
«መድኃኒቱ የት ያድራል?» አለችኝ።

የት ያድራል? መድኃኒት እንደ እንግዳ ያድራል እንዴ?
መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ብዬ ሳቅሁ በሆዴ።

ቅዳሜ ታጠፍን ከቸርችል፣ ወደ ሰንጋ ተራ፣
ከባንኮቹ መስታወት ጀርባ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ከተጣፈበት ስፍራ።
አንድ ክፍል፤ አንድ አልጋ፤ አምስት ነፍስ፤
ከጎረቤት የተሳበ መብራት፣ ለአምፖል ብቻ የሚደርስ።

ፍሪጅ?
ሚስቱ ሸምሲያ ሳቀች። «ፍሪጁማ እዚያ ማዶ ነው፣
ሥጋ ቤቱ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ነው የምናኖረው።
ባለቤቱ ደግ ሰው፤ አንድ ቀን ክፈሉ አላለ፤
ሁዳዴ ሲገባ ግን ቆለፈ፤ ሶኬቱን ነቀለ።»

ሃምሳ አምስት ቀን።
በጣሪያው ግለት የተቀቀለውን ብልቃጥ
ጠዋት ማታ ተወጋ እንጂ፣ አላለም ላቋርጥ።
ጾሙ የሱ አልነበረም፤ ዕዳውን ግን እሱ ከፈለው፤
እኔ ነኝ «ቸልተኛ» ያልኩት፣ አንድ ቃል ሳልጠይቀው።

ዘርትሁን «አየህ?» አላለችም። ወጥታ
ሁለት ማሰሮ ገዛች፣ ትልቅና ትንሽ፣ በዋጋው ተሟግታ።
በመሐላቸው እርጥብ አሸዋ ሞላን፤ ብልቃጡን ከውስጥ አስተኛን።
ከሆስፒታሉ እስከዚያ በር ስምንት መቶ እርምጃ ነው፤
ስመለስ ቆጠርኩት።

ካርዱ ላይ ለዕድሜ መስመር አለ፣ ለጾታ፣ ለክብደት፣
ለሥጋ ቤት የለም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ በጥበት።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ተለማማጅ
«የት ያድራል?» ብለው፣ ሳቀ በሆዱ።
ሳቁን አወቅሁት።
ቅዳሜ ይዤው እወርዳለሁ፣ በዚያው በመንገዱ።