አለሁ

ስሙን ያወጣለት ባሌ ይሁኔ ነው፣
በነሐሴ ዝናብ፣ ከውትርን ድልድይ ስር
በኮቱ ጠቅልሎ ወደ ቤት ሲያመጣው።
“ማን ብለን እንጥራው?” ብዬ ብጠይቀው፣
ቡችላው ከኮቱ አፍንጫውን አውጥቶ አንድ ጊዜ ቢጮህ፣
ይሁኔ ሳቀና፣ “ሰማሽው?” አለኝ፤
“ራሱ ነገረን፣ ‘አለሁ’ ነው የሚለው።”

እኔ ያን ጊዜ ቴሌ፣ የሌሊት ተረኛ፣
ሽቦ ስሰካ ነው ከተማው ሲተኛ፤
“ሃሎ ማርቆስ! ሃሎ ቡሬ! ሃሎ ደጀን!” ብዬ፣
የሰውን ናፍቆት ለሰው አቀብዬ፣
ሊነጋጋ ሲል ስመለስ፣ ጭቃው ይዞ እግሬን፣
ገና ከሩቅ ሳላይ የቤቴን በሬን፣
“አለሁ!” ብዬ ስጣራ፣ ጨለማውን ሰንጥቆ
ይደርሳል፣ ጅብ ያለበትን ጫካ ንቆ።
ሰፈሩ ይስቃል፤ “ይቺ ሴት ውሻዋን ስትጠራ፣
‘አለሁ’ እያለች ነው፣ ሌባ እንዲፈራ።”

ይሁኔ ያረፈ ሰሞን፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣
የእድሩ ወንበር ተቆጥሮ፣ ያም ያም እኔን ሲረሳ፣
በር ላይ ቆሜ ጠራሁት፤
የገዛ ድምፄን ሰማሁት።
“አለሁ” ብያለሁ ለካ፣
ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም በሬን ሳይነካ።

አሁን አስራ አምስት ዓመቱ።
ዓይኑ ላይ የጮቄ ጉም ወርዶ ሰፍሯል፤
አልነጋለትም ሌሊቱ።
ጆሮው ዘግቷል። የኋላ እግሩ ይከዳዋል።
ግድግዳው ላይ ይጮሃል፤ ሰሌኑ ላይ ይሸናል፤
ከዚያ ያፍራል።
ማፈሩ ነው እኔን የሚያስለቅሰኝ፤ ሰሌንማ ይታጠባል።

ፍልሰታ ገባ፤ ለኔ ንፍሮ፣ ለሱ የአጥንት መረቅ፤
ሽታው አጥር ዘሎ ጎረቤት ሲዘልቅ፣
እትዬ ጠጂቱ መጣች፤ “በጾም ይህን ትጥጃለሽ?
ውሻ ባደረበት መልአክ አያድርም፤ ይህን ታውቂያለሽ?”
“አውቃለሁ” አልኳት። መልአኩን ግን በልቤ ለመንኩት፤
“አንተ ክንፍ አለህ፤ እሱ እግር እንኳ የለው፤
ለዛሬ ደጅ እደር” አልኩት።

ክሊኒክ በባጃጅ ሄድን፣ ጋቢዬን አልብሼው፤
“ልጅ ታሞብዎት ነው?” አለ ሾፌሩ፤
ገልጬ አሳየሁት፣ ምንም ሳልመልሰው።
ሂሳብ አልቀበልም አለ።
አዝኖ ይሁን ንቆ፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

ከበሬና ከበቅሎ መሐል ተሰለፍን፤
ባላገሩ ሁሉ እየዞረ ሳቀብን።
አንድ አዛውንት ብቻ፣ የበሬያቸውን አንገት እያከኩለት፣
“ሽማግሌ ነው” አሉ፣ “ቦታ ልቀቁለት።”
ዶክተር ምንይችል፣ ትናንት የተመረቀ የሚመስል፣
ደረቱን አዳመጠ፣ ድዱን ገልጦ አየለት።
“ኩላሊቱ ደክሟል፣ እማማ።
ሳይሰማው የሚያስተኛ መርፌ አለ። ያስቡበት።”
“ሰኞ እመጣለሁ” አልኩት።
ሰኞ ስንት ሰኞ ሆነ፤
መንገዱ ጠፍቶኝ አይደለም፣ አውቄ ነው የረሳሁት።

ዛሬ ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
ሕልሙ ይሁን ሕመሙ፣ እንደ ቡችላ ሲያስለቅሰው፣
ከአልጋ ወረድኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ፤ የሱም ይንቋቋል፤
ሁለት ያረጁ በሮች ነን፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይሰማል።
ሰሌኑ ላይ ተጋደምኩ። ጎድኑ በእጄ ስር ይቆጠራል፤
ትንፋሹ ይሄድና
ይዘገያል፤
ይመጣል።

አፌን ከደነቆረው ጆሮው አስጠግቼ፣
ያችን የድሮ ቃል አልኩት፣ እንደ ቴሌ ሴት አጥርቼ፦
“አለሁ።”
ስሙን ጠርቼው ይሁን መልሼለት፣
እኔም አላወቅሁት።

አልሰማም። ትንፋሼ ግን ጸጉሩን ነካው መሰል፣
ጭራው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሰሌኑን መታ አደረገው።
ዝናቡ ቀጠለ።

ነገ እሑድ ነው፤ መረቁን አሞቃለሁ።
ሰኞን
ሰኞ አየዋለሁ።