የቀሪ መቀጫ

ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አልዘጋ ያለ ክፍል፣
መምህሩ ጠመኔውን ይዞ፣ «ሰው ብቻውን አይወድቅም» ሲል
ጻፍኩት። ለፈተና ነው። ከሥሩም ሁለቴ አሰመርኩ፤
በአፍንጮ በር ቁልቁል ወርጄ፣ ዶሮ ማነቂያ ተሻገርኩ።

ያኔ ሰፈሩ ነበረ።
አባቴ የዕድር ጸሐፊ፣ መነጥሩን በክር ያሰረ፣
ጥቁሩን መዝገብ ገልጦ፣ ከየስሙ ፊት ለፊት
በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ» ይላል። አሥር ብር ነው ቅጣት።

በዚያ ገጽ ላይ እንደ ይርዳው ቀይ የበዛበት የለም።
ልብስ ሰፊ ነው፣ ወንደላጤ፤ ቀብር የሚሉት አይወድም።
ወር በገባ በእሑዱ ይመጣል፣ ሜትሩን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣
ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል፣ ሳንቲም ከብር ቀላቅሎ፤
«በሌላ ሰው ሞት ምን አገባኝ? ስለምን እኔ ልቀጣ?»
አባቴ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እየተጠበቅህ ነዋ፣ ሳትመጣ።»

ከዚያ ሌላ ቀይ መጣ። በአጥሩ፣ በበሩ ላይ፣
ኤክስ። ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ሁሉ ሆነ ሰማይ።
ሰዉን አይሱዙ ጫነው፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ገላን፤
ድንኳኑስ? አልን። ምሰሶው? ዘጠናው የብረት ሳህን?
ማንም ትንፍሽ አላለ። አባቴ መዝገቡን አንሥቶ
በፌስታል እንደ ዳቦ ጠቀለለው፣ ዝናብ ፈርቶ።

ይርዳው በዓመቱ ሞተ። በገዛ እጁ ነው ተባለ።
በሩን ያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በሦስት ቀን ሌላ ማን አለ?
«ሰይጣን ነው» አለ አንዱ። ሌላው፣ «መጠጥ»። አንዷ፣ «በዘሩ ነው፣
አጎቱም እንዲሁ…» ብላ ተወችው። እኔ ሁለቴ ያሰመርኩትን ነው
ያሰብኩት፤ ፈተናውን ያለፍኩበት፣ በጥሩ ውጤት፣
ሰው ሳላይበት፣ ስም ሳላስገባበት።

ማታ፣ አራት ኪሎ፣ በተከራየናት አንድ ክፍል፣ አምፖሉ ሥር፣
አባቴ መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱን አስኬደ በመስመር።
እስከ ግንቦት፦ ቀሪ። ቀሪ። ቀሪ። እየተደረደረ ወረደ።
ከሰኔ ወዲህ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሄደ።
«አየሽ» አለኝ፣ መነጥሩን አውልቆ፣ ክሩን በጣቱ እያፍተለተለ፣
«ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀሪ ያለው ሰው የለ።»

ዝም አለ። ከዚያ ከራሱ ስም ፊት ለፊት
በቀዩ ጻፈ። አሥር ብር አኖረበት።
እኔም ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤ ድፍን መቶ ብር ነው ያለው፤
አባቴም መልስ የለው።