ወራጅ አለ

ዓለምገናን ስናልፍ፣ ወንበር ሁሉ ሞልቶ፣
ያንድ አዛውንት ድምፅ ከኋላ ተነሥቶ፣
«ወራጅ አለ» ቢልም ቀረ ሞተር ውስጥ ገብቶ።
ጎመን የታቀፈች ሴት ከመሃል አነሣችው፤
ጆሮው ላይ ሽቦ ለሰካ ልጅ፣ «ወራጅ!» ብላ ሰጠችው።
ልጁ ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለጣራው፣
በመዳፉ ጠፍ ጠፍ፤
ፍሬን ጮኸ፤ በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ እንደ አፍ።
አዛውንቱ ወረዱ። ማንንም ሳያዩ፣
በትራቸውን ይዘው ከጉልቱ ማዶ በጭቃው ተለዩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የደከምኩበት ነገር
ይኼው ነው።
ቋንቋ አጥቼለት ኖሬ ነበር።

ሰበታ የገባሁ ዕለት፣ አከራዬ ጋሽ ሀብተየስ፣
«ሥራሽ ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣
«የሕዋስ መልእክት አጠናለሁ፤ ማን ለማን እንደሚያደርስ።»
ፊታቸው ዐመድ መሰለ። በሩን ገፋ አደረጉት።
«ቀስ በይ» አሉኝ፤ «እኛም ሕዋስ ነበረን፤ አንድ በአንድ ለቀሙት።»

ኋላ ሳቅን። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤
«ወረቀቷን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ስሄድ ምን እንደምትል አላነብም።
ሁለት ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤
የሚሰጠኝንና የምሰጠውን።
ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው።»

የኔዋን ፕሮቲን ነበር የነገሩኝ፣ ሳያውቋት።
ስሟ ፊደልና ቁጥር ነው፤ እኛ «ተላላኪ» አልናት።
ከሕዋሱ ቆዳ ሥር ቆማ፣ ከላይ ያለው ሲነካት፣
አንዲት የፎስፌት ፍሬ ተቀብላ
ትታጠፋለች፤ ትሆናለች ሌላ፤
ለቀጣዩ ታቀብላለች። ከዚያ ትረሳለች።
ቁስል ይድናል። ጽንስ ጣት ያወጣል።
እሷ ምን ታውቃለች?

በዘጠና ስምንት ክረምት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ።
ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጥሶ ተኛ፤ የፍሪዘሩ ጩኸት ከፋ።
የሰባት ዓመት ናሙና፣ ጣት በማያህሉ ብልቃጦች፣ ላብ ላብ ይለው ጀመር።
ጥበቃው ጉታማ ግን
ከቢራ ፋብሪካው ዘመዱን ቀስቅሶ፣ በዚያ ዝናብ መሃል፣
ደረቅ በረዶ በድንች ማዳበሪያ፣ በጋሪ ይዞልኝ መጥቷል።
ጆንያው ነጭ ጭስ ሲተፋ ያየ ሁሉ «እሳት!» አለ፤
ጉታማ፣ ጣቶቹን ብርድ አቃጥሏቸው፣ ይስቃል፤ «በረዶ ነው» እያለ።

ግማሹ ዳነ።

በሁለት ሺህ አራት፣ ልጽፈው ስል፣ ሌሎች ጻፉት።
ሚኒባስ ውስጥ፣ በስልኬ፣ ሥዕሉን አየሁት፤
ያው ጥቁር መስመር፣ ያው መልስ።
ወራጅ ማለት አቃተኝ።
ሰበታን አሳልፎ ወሰደኝ እስከ ተፍኪ ድረስ።

ጋሽ ሀብተየስን የገደላቸው ደግሞ ያ ነው፤
ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ «ወራጅ! ወራጅ!» ማለት የማይተው።
ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ሕዋስ፣ ማንም ሳይልከው፣ ይጮኻል።
ፊደል በፊደል አውቀዋለሁ።
ማወቅ ምን ያደርጋል?
አጥሚት ይዤ ሄድኩ። አልዋጥ አላቸው።
ድምፅ ስላልነበራቸው፣
በጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ጻፉ፦
የሚያስቆመውስ ማነው?

ባለፈው ጥቅምት፣ ሲፈን፣ የወሊሶዋ ተማሪዬ፣
ከጨለማው ክፍል ወጣች፤ ፊልሙ ክርኗ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።
ፎስፌቷን ከተላላኪዋ የምትነጥቅ፣
ተልኮ ሲያበቃ «በቃ» የምትል፣
እንደ እርሳስ ጭረት የቀጠነች መስመር።
መድኃኒት አይደለችም። መስመር ናት።
ሲፈን «ስም አውጪላት» ብትለኝ፣
ዝም ብዬ ፒፔቴን ሰጠኋት።

ዛሬ ጋዋኔን አስረከብኩ።
ወጨጫ ላይ ደመና ተቀምጧል፤ መስኮቱ ላብ አውጥቷል።
ከኋላ ወንበር ነኝ።
«ወራጅ አለ» አልኩ። ሞተሩ ዋጠው መሰለኝ።

ከፊቴ የተቀመጠች፣ ስሟን የማላውቃት ልጅ፣
አንገቷን ቀና አደረገች።