ውጋት ነው አሉ

ከዘጌ እንጨት ጭኖ፣ ታንኳውን ሲያስጠጋ፣
ድምፅ ሳይሰማ ነው ደረቱ የተወጋ።
ማንም አልነካውም፤ ጦር የለ፣ ቢላ የለ፣
አንድ ደረቅ ሳል ብቻ፤ ሳለና ዝም አለ።
ይታያል ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
እንደ ደንገል ቀጭን፣ እንደ ደንገል ቁመቱ።

“ውጋት ነው” አሉና ጎኑን አሹለት፣
“ምች ነው” ያለችው ዳማከሴ ጨመቀችለት፤
እሱ ግን ጎብጦ፣ በሁለት እጁ ጉልበቱን ተደግፎ፣
ሦስት ቃል ይጀምራል፣
አራተኛው ሳይደርስ ትንፋሹ ያልቃል።

ጤና ጣቢያችን ከዓሣ ማራገፊያው ጀርባ ናት።
ጋውኔን ሳልቆልፍ ሮጥኩ።
“ሸሚዙን ቅደዱት!”
ጎንበስ ብዬ አየሁት ደረቱን በእግሩ በኩል፤
ቀኝና ግራ ጎኑ አይነሡም እኩል።
ቀኙ ለሁለት ይደክማል፤
ግራው ተነፍቶ ቆሟል።
በማዳመጫዬ፣ በቀኙ፣ የሐይቅ ነፋስ ይመጣል ይሄዳል፤
በግራው፣ ምንም።
በጣቴ መታ ባደርገው ከበሮ መለሰልኝ፤
ሰው ያለበት ቤት እንዲህ አይጮኽም።

ካቻምና አንድ አሸዋ ጫኝ እንዲሁ ጎኑን ይዞ ቢመጣ
“ውጋት ነው” ብዬ፣ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኝቼዋለሁ።
ስሙን እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አልጠራም።

ደንገል ሆዱ ባዶ ነው፤ በአየሩ ይንሳፈፋል፤
ሰው ግን በዚያው አየር፣ ደረቅ መሬት ላይ ይሰምጣል።

ወዲያው የአንገቱ ሥር ገመድ አከለና፣
ጉሮሮው ወደ ቀኝ ሸሸ፣ መሐሉን ሳተና፣
ከንፈሩ የማታ ሐይቅ መሰለ፤
የእጁ ትርታ ሮጠ፣ ቀጠነ፣ ከጣቴ ሥር ኮበለለ።
ራጅ የለን። ራጅ ቢኖርም ጊዜ የለን።

ከሁለተኛው ጎድን በታች፣ ከሦስተኛው አናት ላይ
ወፍራሙን መርፌ… እጄ ተንቀጠቀጠ ወይ?
ተንቀጠቀጠ። አልዋሽም።
ከዚያ እስስስ አለ፣
እንደ ባጃጅ ጎማ።
የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።

እናቱ ወይዘሮ ጥሩዓለም፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ክንዴን ይዘው
“ምኑ ነው የወጣው?”
“አየር ነው እማማ።”
“አየርስ ሰው ይገድላል?”
“ቦታውን ሲስት።”

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ከጎኑ የወረደው ቱቦ
አልጋው ሥር፣ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣
ዓሣ ከሥሩ እንዳለ።
እኔን አላወቀኝም።
“እንጨቴን ከታንኳው ማን አወረደልኝ?”
አለ፣ አራቱንም ቃል በአንድ ትንፋሽ።