ፎቶው ያላሳየው

ግንቦት ሲጋመስ ነው፣
የሻዩ ለጋ ቅጠል ሲደርስ ለመቀስ፣
ከሪዜ በላይ፣ በኛ ተዳፋት ላይ፣
ጭጋጉ ወጥቶ ሲመለስ፣
"ወገቤን!" አለች ሚስቴ ሃጀር።
ዘወርም አላልኩ፤
ሴት ስትደነግጥ የምትለው መስሎኝ፣
ታች መንገዱ ዳር፣ ከመዛኙ ጋራ፣
የኪሎ ዋጋ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ቅርጫቱ ቀድሟት ወደቀ፣
ቅጠሉ ቁልቁል ፈሶ እግሬ ሥር ዘለቀ።
ያኔ ነው የሮጥኩት።

ከዚያማ ቤታችን ሸንጎ ሆነ፣
ወገቡን ያላመመው የለምና
መካሪው በር ላይ ተከመረ፣ መንገዱን ዘጋና።

እናቴ ሳፊዬ፦
"ወጌሻው አለ አይደል፣ የላይኛው መንደር፣
የአባትህን ትከሻ የመለሰው ባንዲት አዳር?
በሆዷ አስተኝቶ ይርገጣት በተረከዙ፣
ቋ! ሲል ተነሥታ ትሄዳለች፤
አንድ ዶሮ ነው፣ ምን አለው መዘዙ?"

ዘሊሃ ጎረቤቴ፦
"የምን መረገጥ ነው፣ ሸክላ ናት እንዴ?
አይደር ፍልውሃ ሰባት ቀን ትነከር፤
እኔን አይታችሁ፣ በእኔ ወገብ ፍረዱ፣ እኔ ልመስክር።"
(በስምንተኛው ቀን ዳግም እንደያዛት
ባሏ ነው በጆሮዬ የነገረኝ፣ ሲወጣ ተከትሏት።)

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ መርፌ አሰበላት፣
"ዛሬ ትወጋ፣ ነገ ቅጠሏ ላይ ናት።"
ልጄ ኦርቹን በስልክ ይጮሃል ከትራብዞን፦
"አባባ፣ ዘመኑን እይ እንጂ! ኤም አር አይ ትነሣ፣
ትቀደድና ይገላገል፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ አበሳ?"

ሃጀርን ማንም አልጠየቃት።
እኔም።

ትራብዞን ወረድን። እንደ ሊጥ በነጭ ቱቦ አስገቧት፣
እንደ ዳቦ አወጧት።
ፎቶው ታየ፦ የአጥንት መሰላል፣
ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ
ዲስኩ ቦታውን ለቆ፣ ትንሽ ሾልኳል።
"ይኸው!" አለ ኦርቹን፣ እንደ አሸናፊ።

ቀዶ ሐኪሙ ግን ፎቶውን ትቶ እሷን አያት፦
"እግርሽን ይደነዝዝሻል? ሽንትሽ አስቸግሮሻል?"
"የለም" ስትለው እስክሪብቶውን አኖረ።
"እንዲህ ያለውን ፎቶ
ወገቡን አሞት የማያውቅም ይዞት ይዞራል።
ቢላዬ አይሸሽም፣ እዚሁ ይቆያል፤
አንድ ፎቅ ውረጂና መጀመሪያ
ነርሚንን አናግሪያት።"

ነርሚን ኳስና ገመድ ብቻ ነው ያላት።
አልረገጠቻትም፣ አልወጋቻትም። ጠየቀቻት።
"ምን ትሸከሚያለሽ?"
"ሻይ።"
"ስንት ኪሎ?"
"ዝናብ ከነካው አርባ።"
"በቀን ስንቴ?"
"ሰባት። ስምንት።"
"እስከ የት?"
"እስከ ሚዛኑ።"
"ሚዛኑ ጋ ማን አለ?"

ሃጀር አልመለሰችም፣
ወደ እኔም አልዞረችም፤
ክፍሉ ግን ጠበበኝ፣ ኮሌታዬ አነቀኝ።
ፎቶው ሁሉን አሳይቷል፣
ነርቩን፣ ዲስኩን፣ የአከርካሪውን ጉልላት፤
ታች ቆሞ ኪሎ የሚቆጥረውን ብቻ
ያ ሁሉ መኪና አላየለትም ጥላት።

መድኃኒቱ ጣዕም የለው፣ ግርማም የለው፦
"ተራመጂ፣ አልጋ አትውደጂ፤
ጉልበትሽን አጥፈሽ ዳሌሽን አንሺ፣
አሥር ጠዋት፣ አሥር ማታ።
ቅርጫቱም በግማሽ ይሁን።"
ግማሹንስ ማን?
አልጠየቅኩም።

እናቴ ተቀየመች፦
"ምንጣፍ ላይ ለመንፈራገጥ ነው
ትራብዞን ድረስ የወረዳችሁት?"
የቀዶ ሐኪሙን ወረቀት ከመስተዋቱ ጀርባ ሸጎጥን፤
አልጣልነውም።
ጭጋግ ሲወርድ አሁንም ያማታልና፣
በሌሊት ተነሥታ ኮሪደሩን ስትለካው እሰማለሁ፣
በባዶ እግር፣ ቀስ፣ ቀስ።

ሐምሌ ሆነ፤ ሁለተኛው ቅጠል ደረሰ።
እሷ ግማሽ ቅርጫት፣
እኔ የቀረውን ያዝኩ።
በሦስተኛው ምልልስ፣ ከዳገቱ እኩሌታ፣
"ወገቤን!" ብዬ ጮህኩ።
ሃጀር መንገዱ ዳር ናት፤
ከመዛኙ ጋራ በዋጋ ትከራከራለች።
እሷ ግን ዘወር አለች።
"ጉልበትህን እጠፍ!" ብላ
ወደ ሚዛኑ ተመለሰች።